ምን አድርጌው ነው?

ታናሽ እህቴ ያሳደገችው አውራ ዶሮ አንድ ቀን ጠዋት ፊቷ ላይ ዘለለባት። ጥፍሩ ከዓይኗ ሥር ጭሯት አለፈ። ጫጩት እያለ ከመዳፏ ስንዴ የሚለቅም፣ ስትቀመጥ ጭኗ ላይ ወጥቶ የሚያንቀላፋ ዶሮ ነበር። እማዬ ደሙን እየጠረገች «ይሄማ ፋሲካን አይጠብቅም፣ ዛሬውኑ ይታረዳል» አለች። ጎረቤታችን «ዓይን ገብቶበት ነው» አሉ። እኔ ደግሞ በእርግጫ አልኩት። እህቴ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦ «ምን አድርጌው ነው?»

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። በኋላ ሳነብ መልሱን ያገኘሁት ከግቢያችን በጣም ርቆ፣ ጀርመን አገር፣ ጎቲንገን ከተማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1848 አርኖልድ በርቶልድ የተባለ ሐኪምና የዩኒቨርሲቲ መምህር ስድስት ወጣት አውራ ዶሮዎች ይዞ ሥራ ጀመረ። ዶሮ ማኮላሸት በራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ሥጋው እንዲሰባና እንዲለሰልስ ሲባል ከጥንት ሮማውያን ጀምሮ ይደረግ ነበር። የተኮላሸ ዶሮ እንደማይጣላ፣ እንደ አውራ እንደማይጮኽ፣ አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እንደሚገረጣና እንደሚያንስ ገበሬው ሁሉ ያውቃል። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በርቶልድ ከአንዳንዶቹ ዶሮዎች የዘር ፍሬያቸውን አውጥቶ እንዲሁ ተዋቸው። በሌሎቹ ላይ ግን ያወጣውን የዘር ፍሬ ሆዳቸው ውስጥ፣ አንጀታቸው መካከል አኖረው፤ የአንዱን ዶሮ ለሌላው የሰጠበትም ነበር። እንዲሁ የተተዉት ጭምት ሆኑ። የዘር ፍሬ ሆዳቸው ውስጥ የተቀመጠላቸው ግን ጮኹ፣ ተጣሉ፣ ሴት ዶሮ አባረሩ፤ አናታቸውም ቀላ። ኋላ ከፍቶ ሲያይ የዘር ፍሬው አንጀት ላይ ተጣብቆ አዲስ የደም ሥር አብቅሏል። የቀድሞው ነርቭ ግን ተቆርጧል። ስለዚህ መልእክቱ የሚሄደው በነርቭ ሳይሆን በደም ነው ማለት ነው። ይህንን በ1849 በጥቂት ገጾች ጽፎ አሳተመ።

የሚገርመው፣ ለብዙ ዓመታት ዞር ብሎ ያየው ሰው እምብዛም ነው። በርቶልድ በ1861 ሲሞት «ሆርሞን» የሚለው ቃል ራሱ አልተፈጠረም፤ ቃሉ የመጣው በ1905 ነው። በ1927 ደግሞ አሜሪካ፣ ቺካጎ ውስጥ ፍሬድ ኮክና ለሙኤል ማጊ ከበሬ የዘር ፍሬ ያወጡትን ጭማቂ የተኮላሹ ዶሮዎችን ወጉበት። የገረጣው አናታቸው መልሶ አደገ። ከዚያ ወዲያ ያ ቀይ ሥጋ እንደ ሚዛን ሆነ፦ ምን ያህል አደገ ብሎ በመለካት የመድኃኒቱ ኃይል ይታወቅ ነበር። በ1935 ንጥረ ነገሩ ተለይቶ ወጣና ቴስቶስትሮን ተባለ።

የእህቴ ዶሮ አምስት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ለእኛ «ድንገት» የመሰለን ነገር ሆዱ ውስጥ ለሳምንታት ሲሰናዳ ነው የከረመው። እኛ ያላየነው የዘር ፍሬ አደገ፣ ደሙ ተለወጠ፣ ትናንት ስንዴ ያቀረበችለት እጅ ዛሬ እንደ ተቀናቃኝ ታየችው።

ግን ደም ብቻውን ሁሉንም ነገር አይገልጽም። በ1921 ኖርዌያዊው ቶርላይፍ ሽየልደሩፕ-ኤበ ዶሮዎች በመካከላቸው የማዕረግ ተራ እንዳላቸው ጻፈ፤ ማን ማንን እንደሚነክር የታወቀ ነው። በዚያ ዓይን ሳየው የእኔ እርግጫ ቅጣት አልነበረም። ለዶሮው የመጣለት ግጥሚያ ነበር። በማግስቱ እኔን ራሴን ጠብቆ የዘለለብኝም ለዚህ ይመስለኛል።

የተገላቢጦሹም አለ፤ እንደውም ይበልጥ ሊያስፈራን የሚገባው እሱ ነው። ኃይለኛ የነበረ ዶሮ በአንድ ጊዜ ዝም ካለ፣ ክንፉን ከጣለ፣ መብላት ከተወ ጠባዩ ተሻሽሎ አይደለም። ታሞ ይሆናል፤ ፈንግል ከሆነ ደግሞ ግቢውን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል።

ያነበብኩትን ሁሉ ለእህቴ አልነገርኳትም። ገና ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስለ ዘር ፍሬ ማውራት አፈርኩ። «ምንም አላደረግሽውም፣ አድጎ ነው» ብቻ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እኔም ሳድግ እንደዚያ እሆናለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ አልኳት። ለእኔ ግን አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ በር እየወረወርኩ እማዬን ያስለቀስኩበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ያኔ እማዬም «ልጄን ምን ነካብኝ» ትል ነበር።

ዶሮውን በሽቦ ከልለን እስከ ፋሲካ አቆየነው፤ ከዚያ ታረደ። እህቴ ወጡን አልቀመሰችም። ጠባሳው ግን አሁን ብዙም አይታይም።