የደረቀ የእንዶድ ፍሬ

እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ ይህ ነው። ተወቅጦ ውኃ ሲነካው ነጭ አረፋ ያወጣል። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል እጭ የሚባዛው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነውና ነገሩን በዋዛ አላለፉትም። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው አረፋውን ጨመሩባቸው፤ ሞቱ። ቀጥሎም በቤተ ሙከራ የሚገድለውን መጠን ለኩ። እንዶድን ከባህላዊ ሳሙናነት ወደ ቀንድ አውጣ ማጥፊያነት ያሻገረው ይህ ልኬት ነው። በአድዋ ጅረቶች ለአምስት ዓመት ያህል ከተሞከረ በኋላ፣ በትንንሽ ልጆች ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዷል። አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።