ጧፍና ካሜራ በሥላሴ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ከመጫናቸው በፊት የነበረውን ሌሊት ከእቴጌ መነን ጋር ያሳለፉት በአራዳ ጊዮርጊስ በጸሎት ነበር። ከዚያ በዓል የምናውቃቸው ፎቶግራፎች ግን የቀን ናቸው፤ ዘውዱ፣ ካባው፣ ሰልፉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የናሽናል ጂኦግራፊኩ ሮበርት ሙር ባለቀለም ሥዕሎቹን ያነሣበት አውቶክሮም፣ በቀለም በተነከረ የድንች ዱቄት የተሸፈነ መስተዋት ነበርና በጠራራ ፀሐይ እንኳ አንድ ሴኮንድ ያህል ሳይነቃነቁ መቆምን ይጠይቃል። የዚያ ዘመን መኳንንት በሥዕል ሁሉ ኮስታራ መስለው የሚታዩን በከፊል ስለዚህ ይመስለኛል።

ሰባ ዓመት አለፈ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አፅም ከበዓታ ወጥቶ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ከእቴጌይቱ አጠገብ ዐረፈ። በዚያን ጊዜ ዲጂታሉ ኒኮን ዲ1 ገበያ ላይ ከዋለ አንድ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የብርሃን ንቃቱ፣ ማለትም አይ.ኤስ.ኦ.ው፣ ከ1600 አያልፍም። ይህ ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ ካሜራው በግማሽ ብርሃን ይበቃዋል። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ያነሰ ብርሃን በገባ መጠን ሥዕሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፍላሽ ማብራትም መፍትሔ አይደለም፤ የጧፉን ወርቃማ ብርሃን ገድሎ ምእመናኑን ግድግዳ ላይ እንደተለጠፉ አድርጎ ያሳያል።

ከዚህ የሚብሰው የትኩረቱ ነገር ነው። ከሚኖልታ 7000 (እ.ኤ.አ. 1985) ወዲህ የተስፋፋው አውቶፎከስ፣ በሌንሱ ሁለት ወገን የሚገባውን ምስል እያነጻጸረ ርቀቱን ያሰላል፤ ለማነጻጸር ደግሞ የጥላና የብርሃን ድንበር ይሻል። ጥለት የማይታይበት ነጭ ነጠላ ምንም አይነግረውም። ስለዚህ የጧፉን ነበልባል ይይዝና ከኋላው ያለችውን አሮጊት ፊት አደብዝዞ ይተዋል። የብርሃን መለኪያውም ነጠላውን አይቶ «ብርሃኑ በዝቷል» ይልና ጠይሙን ፊት ያጨልመዋል። ከሥዕሉ የምትጠፋው እንግዲህ ሌሊቱን በጸሎት የቆመችው እናት ናት። ልምድ ያለው ፎቶግራፍ አንሺ መለኪያውን ችላ ብሎ በፊቷ ልክ ብርሃኑን በእጁ ያስተካክላል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኒኮን ዲ3ኤስ 12800 ደረሰ። አቶ መለስ ዜናዊ ነሐሴ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. በዚሁ ሥላሴ ሲቀበሩ፣ እንዲህ ያለ ካሜራ የያዘ ሰው በዲ1 ዘመን ያስፈልግ ከነበረው ብርሃን ስምንት እጅ ያነሰው ይበቃው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ መስተዋት አልባዎቹ ካሜራዎች ዓይንን ለይተው መከተል ጀምረዋል፤ ለዚያች እናት ነበልባሉን ትቶ ዓይኗን የሚፈልግ ካሜራ ተገኘላት ማለት ነው።

የሐምሌ 7ን የሥላሴ ማኅሌት አስቡት፤ ክረምት ነው፣ ደመና ነው፣ ገና አልነጋም። በ1600 አንድ ሠላሳኛ ሴኮንድ ይፈጅ የነበረው ሥዕል በ12800 በአንድ ሁለት መቶ ሃምሳኛ ይነሣል። በፊተኛው የከበሮ መቺው እጅ ጭስ ይሆናል፤ በኋለኛው ጣቶቹ ይቈጠራሉ። እኔ ለፊቶቹ አዲሱን ካሜራ እመርጣለሁ፤ እጁ ግን ጥቂት ቢደበዝዝ አይከፋኝም፤ ከበሮው ሲመታ ይታየኛልና።