የቢሴትር አስታማሚ

በ1876 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ቶኒ ሮቤር ፍለሪ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ በሣለው ታላቅ ሥዕል፣ ሐኪሙ ፊሊፕ ፒኔል በሳልፔትሪየር ሆስፒታል አደባባይ አእምሯቸው በታወከ ሴቶች መካከል በግርማ ቆሞ፣ አንዲቱ ወጣት ከእስራቷ ስትፈታ፣ ሌላይቱም እጁን ስትስም ይታያል። ሥዕሉ ውብ ነው፤ ብዙ ሰውንም ወደ ርኅራኄ መልሷል፤ ይሁን እንጂ የአእምሮ ሕሙማንን በሰንሰለት ሳይሆን በቃል የመያዝ ጥበብ ከየት እንደ ተነሣ ለሚመረምር ሰው እውነቱን በምልዓት አይነግረውም። ጥበቡን አስቀድመው ያገኙት ጠዋት ጐብኝተው የሚመለሱት ሊቃውንት ሳይሆኑ፣ ቀኑን ከሕሙማኑ ጋር ውለው ሌሊቱንም ጩኸታቸውን እየሰሙ የሚያድሩት አስታማሚዎች ነበሩና።

ከፓሪስ በስተደቡብ በአንድ ኮረብታ ላይ የተሠራው ቢሴትር፣ በአስራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሆስፒታልም ወህኒ ቤትም የድኾች መጠለያም ሆኖ፣ ጧሪ ያጣው ሽማግሌ፣ ለማኙ፣ ወንጀለኛውና በሽተኛው በአንድ ቅጥር የሚኖሩበት ስፍራ ነበር። የሰው አንገት የሚቈርጠው ጊዮቲን የተባለው መሣሪያ በ1792 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በሬሳ ላይ የተሞከረው በዚሁ ግቢ ነው። የማይድኑ ናቸው የተባሉት እብዶች ደግሞ ሴን ፕሪ በሚባለው ክፍል ተለይተው፣ ብዙዎቹ በብረት ታስረው ይኖሩ ነበር። አእምሮውን ያጣ ሰው ከሰብአዊነት ማዕርግ ወጥቶ ወደ እንስሳ ጠባይ የወረደ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሊቃውንቱም በሕዝቡም ዘንድ የጸና ስለ ነበረ፣ መድኃኒቱም ደም ማፍሰስና ሆድ ማስቀመጥ፣ ሥርዐቱም ዱላና እግር ብረት ሆኖ ሲኖር፣ ለእንዲህ ያለው ሰው ቃል መናገር ከንቱ ድካም ይመስል ነበር።

ወደዚህ ቤት ዣን ባቲስት ፒሴን የተባለ ሰው የገባው አስተዳዳሪ ሆኖ ሳይሆን በሽተኛ ሆኖ ነው። በ1745 ዓ.ም. የተወለደው ፒሴን ቆዳ አልፊ ነበር፤ የአንገት ዕጢ የሚያሳብጥ ደዌ ይዞት ወደ ቢሴትር መጣ፣ ዳነም፤ ከዳነ በኋላ ግን ከዚያው ሳይወጣ በሥራ ተቀጠረና ቀስ በቀስ የእብዶቹ ክፍል አለቃ እስከ መሆን ደረሰ። በአገራችን ቆዳ ፋቂ እንዴት ባለ ንቀት ይታይ እንደ ነበር የምናውቅ ሰዎች፣ የሕክምና ትምህርት ያልቀሰመ ቆዳ አልፊ ሊቃውንቱ ያላዩትን አይቶ መገኘቱን ስናነብ ልባችን ሊነካ ይገባል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ራሱ በዚያ ቤት አልጋ ላይ ተኝቶ የሌላ ሰው እጅ ሲጠብቅ መኖሩ ከማናቸውም ትምህርት ይልቅ ዐይኑን ከፍቶለታል።

የፒሴን የመጀመሪያ ትእዛዝ ማንም ጠባቂ በሽተኛን እንዳይመታ የሚል ነበር። ጠባቂዎቹ ዱላን የሥራቸው መሣሪያና የሕይወታቸው መከላከያ አድርገው ይቈጥሩት ስለ ነበር ዐመፁበት፤ እርሱ ግን አልተመለሰም፤ እምቢ ያሉትን አሰናበተ፤ ረዳቶቹንም ከደዌያቸው ካገገሙት ሕሙማን መካከል መምረጥ ጀመረ፤ መከራውን የቀመሱት እነርሱ በባልንጀራቸው ላይ እጃቸውን ለማንሣት አይፈጥኑም ነበርና። ከሕሙማኑ ጋር እየተነጋገረ የእያንዳንዱን ጠባይ ይከታተል፣ ያየውንም በጽሑፍ ያስቀምጥ ነበር። ሚስቱ ማርግሪት ዡብሊንም በዚህ ሥራ ከባሏ አታንስም። ፒኔል ራሱ እንደ ተረከው፣ እህል አልቀምስም ብሎ በረኃብ ሊሞት የተቃረበ አንድ በሽተኛ ወይዘሮዋን በስድብ ሲያባርራት፣ እርሷ ሳትቀየም በፊቱ እየዘለለችና እየጨፈረች በቀልድ አጫወተችው፤ ፈገግ ባለ ጊዜም ምግቡን አቀረበችለትና በላ፤ ሕይወቱም በዚህ ተረፈች። ይህች ሴት ያደረገችውን በየትኛው የዘመኑ የሕክምና መጽሐፍ ፈልጎ ማግኘት ይቻል ነበር?

ከፒሴን ጋር በአንድ ዓመት የተወለደው ፒኔል በ1793 ዓ.ም. የቢሴትር ሐኪም ሆኖ ሲሾም፣ ሁለቱም ዐርባ ስምንት ዓመት ገደማ የሆናቸው ጐልማሶች ነበሩ። የፒኔል እውነተኛ ታላቅነት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከቆዳ አልፊው እግር ሥር ተቀምጦ ለመማር አለማፈሩ ነው። ሆኖም ቃል የሚያድነውን ያህል ሊጐዳም እንደሚችል የሚያስረዳውን ታሪክ የምናገኘው ከዚሁ ከፒኔል መጽሐፍ ነው። በፈረንሳይ ንጉሡ ሉዊ 16ኛ ሞት በተፈረደበት ወራት አንድ ልብስ ሰፊ ስለ ፍርዱ በሰው ፊት አንድ ቃል ተናገረ፤ አገሩን አይወድም ተብሎ ተጠረጠረ፤ ከዚያም በኋላ በጊዮቲን ልገደል ነው የሚል ሐሳብ ቀንም ሌሊትም አልለየው ብሎ ወደ ቢሴትር መጣ። የሕሙማኑን ልብስ እየጠገነ ጥቂት ዋጋ እንዲቀበል በተደረገ ጊዜ ተጽናና፤ ሥራው በተቋረጠ ጊዜ ግን ፍርሀቱ ተመለሰ። ያን ጊዜ ፒኔል አንድ ብልሃት አሰበ፤ ጥቂት ወጣት ሐኪሞች ጥቍር ካባ ለብሰው ከመንግሥት እንደ ተላኩ ዳኞች ሆነው ተቀመጡ፤ ልብስ ሰፊውን መረመሩት፤ ከክስም ነጻ ነህ ብለው ፈረዱለት። ሰውየው ለጊዜው ተሻለው። በኋላ ግን ፍርዱ ጨዋታ እንደ ነበረ አንድ ያልታሰበበት አንደበት ነገረው፤ ከዚያም ወዲህ የመዳን ተስፋው ተቈረጠ። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር የማዝነው ምስጢሩን ባወጣው ሰው ላይ አይደለም፤ በሐሰት የተሠራ መጽናናት ምንም ያህል በርኅራኄ ቢታሰብ፣ የታመመውን ሰው በመጨረሻ የሚያምነው አንድ ሰው እንኳ አሳጥቶ የሚጥለው በመሆኑ ነው።

ፒኔል በ1795 ዓ.ም. ወደ ሳልፔትሪየር ተዛወረ። በቢሴትር ሰንሰለቱን ከሕሙማኑ ላይ ያነሣው፣ ሐኪሙ ከሄደ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1797 ዓ.ም.፣ ፒሴን ነው፤ ለሚያስፈራሩት ሕሙማን ብቻ በብረቱ ፈንታ ክንድን የሚይዝ የሸራ ልብስ አደረገ። ፒኔል ባልደረባውን አልረሳም፤ ደጋግሞ ጠይቆ በ1802 ዓ.ም. ወደ ሳልፔትሪየር አስመጣው፤ በ1809 ዓ.ም. በታተመው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትምም የቢሴትርን ሰንሰለት ማንሣት የፒሴን ሥራ መሆኑን መሰከረ። ፒሴን በ1811 ዓ.ም. ዐረፈ። ክብሩ ሁሉ ለሐኪሙ ብቻ የተሰጠው ሁለቱም ካለፉ በኋላ፣ በተለይ የፒኔል ልጅ ሲፒዮን አባቱን ለማክበር በጻፈው ትረካ ነው።

በእንግሊዝ አገርም በ1796 ዓ.ም. የሻይና የቡና ነጋዴ የነበረው ዊልያም ቱክ ክዌከር ከሚባለው የክርስቲያን ማኅበር ወንድሞቹ ጋር በዮርክ ከተማ ሪትሪት የተባለውን ቤት ከፍቶ፣ ሕሙማኑ በአትክልት ስፍራ እንዲሠሩና ለሻይ ግብዣ ለብሰው እንዲቀርቡ አድርጎ ነበር። ሆኖም በአስራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እነዚህ ትናንሽ ቤቶች አርአያ የሆኑላቸው ሆስፒታሎች ከሺሕ እስከ ብዙ ሺሕ ሕሙማን የሚከማቹባቸው ሲሆኑ፣ አስታማሚው ቍልፍ ያዥ ሆኖ ቀረ፤ ጭውውቱም ጠፋ።

ይህን ጥበብ እንደ ገና አንሥታ የትምህርት ሥርዐት ያበጀችለት አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው ናት። በ1909 ዓ.ም. በፔንሲልቫንያ ከስደተኛ ወላጆች የተወለደችው ይህች ሴት፣ ነርስና በሽተኛ ስለሚኖራቸው ግንኙነት የጻፈችው መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. ተጠናቅቆ ሳለ፣ ነርስ ያለ ሐኪም አጋርነት ብቻዋን መጽሐፍ ማሳተሟ እንደ ድፍረት ስለ ታየ እስከ 1952 ዓ.ም. ዘገየ። በረትገርስ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራቸው የነበሩት ነርሶች ከሕሙማን ጋር የተነጋገሩትን ቃል በቃል ጽፈው ያመጡ፣ እርሷም እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ትመረምር ነበር። በሽተኛው «እነርሱ ይጠሉኛል» ቢል ነርሷ «እነርሱ እነማን ናቸው?» ብላ እንድትጠይቅ፣ ድምፅ እሰማለሁ ቢላትም ድምፁን እኔም እሰማለሁ እንዳትል፣ ውሸት ነው ብላም እንዳትዘልፈው፣ ነገር ግን «እሰማዋለሁ የምትለው ድምፅ» እያለች እንድትነጋገረው ታስተምር ነበር። የፒኔል ካባ የለበሱ ዳኞች የሳቱትን መንገድ እነሆ በዚህ ምክር ውስጥ እናገኘዋለን።

በእኛ አገር ስለ ሰንሰለት መናገር የሩቅ ታሪክ መናገር አይደለም፤ በየጸበሉ ስፍራ በብረት ታስረው የሚመጡ ሕሙማንን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በተጻፈው ታሪክ ግን ሰንሰለትና እግር ብረት ሊይዙት ያልቻሉትን ሰው ጌታችን ስሙን እንደ ጠየቀው እናነባለን። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ በኖረው በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል፣ በ1987 ዓ.ም. በዓለም የጤና ድርጅት ረዳትነት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ማሠልጠን ተጀመረ። ከዚያ ተመርቀው ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች የተላኩት ነርሶች፣ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ስፍራ በሽተኛውን ሰምተው፣ ደዌውን ለይተው፣ መድኃኒቱንም ሰጥተው ሸክሙን ተሸከሙ። እናት ልጇን ዛር ይዞታል ብላ ስታመጣ፣ ልጁም የሚያናግረኝ አለ ሲል፣ ለቤተ ሰቡ እምነት ክብርን ሳያጐድሉ፣ ለበሽተኛውም ያላመኑበትን አምነናል ሳይሉ መነጋገር የዕለት ሥራቸው ነው። እነዚህ ሰዎች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን ምን ብለው እንደ ጠየቁ፣ የትኛው ቃል በር እንደ ከፈተላቸውና የትኛው እንደ ዘጋባቸው ፒሴን እንዳደረገው በራሳቸው እጅ ቢጽፉልን፣ ለተተኪዎቻቸው ከውጭ ቋንቋ ከሚተረጐመው መጽሐፍ ሁሉ የሚቀድም መማሪያ ይሆናቸው ነበር፤ ይህንንም መጽሐፍ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት እንዲጀምሩት አጥብቄ እለምናቸዋለሁ።