ለሸርቆሌ ውኃ ማን ይክሰስለት?

የወንዝ ብክለት ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የአቃቂ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ነው፤ ሸርቆሌን የሚያነሳት ጥቂት ነው። በዚያ ግን ባህላዊ አምራቾች ወርቅን በውኃ እያጠቡ ይለያሉ። ሜርኩሪ (ባዜቃ) ከገባበት መርዙ በዓሣ በኩል ከሰው ገበታ ይደርሳል።

ሕጉ ዝም አላለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተቆጣጣሪው ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ገብቶ ናሙና እንዲወስድ ይፈቅዳል። አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው ‹‹ጥቅሜ ተነካ›› ማለት ሳያስፈልገው ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መብት ይሰጠዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ማስረጃው ነው። ከሥራው በፊት የተወሰደ የውኃ ናሙና ከሌለ፣ ዳኛ ፊት ቆመን ‹‹ተበከለ›› የምንለው ከምን ጋር አነፃፅረን ነው?