ሰባቱ ከዋክብት በአሰላ ሰማይ

ሰው ዘመኑን መቁጠር የተማረው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ በመመልከት ነው። ከፀሐይና ከጨረቃም ቀጥሎ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የታወቁት፣ በመጽሐፈ ኢዮብና በትንቢተ አሞጽ ስማቸው የተነሣው ሰባቱ ከዋክብት ናቸው።

አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የክረምቱ ደመና ተገፎ ኅዳር ሲገባ፣ ሰባቱ ከዋክብት ፀሐይ ከጠለቀች ጥቂት ቆይቶ በምሥራቅ በኩል ይወጣሉ፤ እኩለ ሌሊትም ሲሆን ከራሳችን በላይ፣ ወደ ሰሜን ጥቂት ዘንበል ብለው ይታያሉ። በዓይን ብቻ የሚመለከት ሰው ስድስት ወይም ሰባት ይቆጥራል።

ኢጣልያዊው ጋሊሌዮ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1610 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቴሌስኮፕ አይቶ 36 ከዋክብት ሥሎ አሳየ። በ1767 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቄስ ጆን ሚቸል፣ እነዚህ ከዋክብት እንዲህ ተቀራርበው የታዩት በአጋጣሚ ሊሆን እንደማይችል በስሌት አስረዳ። ዛሬ እንደሚታወቀው ከ1,000 የሚበልጡት የዚህ ዘለላ ከዋክብት፣ ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከአንድ ደመና የተወለዱ ናቸው። ብርሃናቸው ወደ እኛ ለመድረስ 440 ዓመት ያህል ስለሚፈጅበት፣ አሁን የምናየው ጉዞውን የጀመረው በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመነ መንግሥት አካባቢ ነው።

ይሁን እንጂ በአገራችን እነዚህን ከዋክብት ለሥራ ለማዋል ቴሌስኮፕ አልተጠበቀም። የገዳን ሥርዓት ከአርሲ ኦሮሞ ጋር የሚጋራው የቦረና ኦሮሞ ሰባቱን ከዋክብት «ቡሳን» ብሎ ይጠራቸዋል። አያንቱ የተባሉት የዘመን ዐዋቂዎች ወሩን 29 ወይም 30 ቀን፣ ዓመቱን 12 ወር አድርገው ሲቆጥሩ፣ ጨረቃ ከቡሳንና ከሌሎች ከታወቁ ከዋክብት አጠገብ መታየቷን አይተው ወሩን ይለያሉ። ይህንንም ሊቁ አስመሮም ለገሰ በ1973 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር «ገዳ» በተባለው መጽሐፋቸው በሰፊው ገልጸውታል።

የሚያሳስበን ነገር ይህ ዕውቀት ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ መሆኑ ነው፤ ተማሪ ያጣ እንደ ሆነ ከሽማግሌው ጋር ይቀበራልና። ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በኅዳር ሌሊት ወደ ሜዳ ያውጧቸው ዘንድ እናሳስባለን። ትንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃል፤ ዘለላው የጨረቃን ስፋት አራት እጥፍ ያህል ስለሚይዝ፣ እጅግ ከሚያጎላው መስተዋት ይልቅ ጥቂት የሚያጎላው ይሻላል። ተማሪው አስቀድሞ በዓይኑ ይቁጠር፤ ስማቸውንም ከአባቶቹ ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ በመስተዋቱ ይመልከት። እንዲህ ያደረገ ልጅ የጋሊሌዮንም የአያንቱንም ትምህርት በአንድ ሌሊት ይወርሳል።