የመሄድና የመመለስ ርዝመት

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባም ያው ነው። መንገደኛው ግን ሁለቱን እኩል አይላቸውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከዋሽንግተን ተነሥቶ በ13 ሰዓት ገደማ ያለ ዕረፍት ቦሌ ይደርሳል። ወደዚያ ሲሄድ ግን ለዓመታት፣ አንዴ በሮም አንዴ በደብሊን እያረፈ፣ 17 ሰዓት ያህል ሲፈጅበት ኖሯል። ስለ ምን መሄድ ከመመለስ ረዘመ?

ለዚህ መልስ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1911 ዓ.ም. በደጃዝማች ናደው የሚመራው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ጓድ ዋሽንግተን ገብቶ ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ጋር ተገናኘ። ከመልእክተኞቹ መካከል የሥነ ጽሑፋችን አባት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። አትላንቲክን የተሻገሩት በመርከብ ነው፤ አዲስ አበባ ገና አውሮፕላን አላየችም ነበርና። የመጀመሪያው አውሮፕላን በከተማዋ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ደግሞ አየር መንገዳችን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። በ1955 ዓ.ም. ጄት ሲመጣ የልደታ ሜዳ አልበቃ ስላለ ቦሌ ተተካ።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፍ የሚደገፍበት፣ ሞተርም የሚስበው አየር ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ አትላንቲክን የሚያሻግረውን ነዳጅ ሁሉ ከነመንገደኛው ተሸክሞ ለመነሣት ይቸግረዋል፤ ቀለል ብሎ ይነሣና የጎደለውን በመንገድ ይሞላል። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የሰማይ ነፋስ ተመላሹን ከኋላው ይገፋዋል፤ ሂያጁን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። አንባቢ ሆይ፣ የአገራችን ከፍታና ነፋሱ ተባብረው ሂያጁን የሚያዘገዩት፣ ተመላሹን የሚያፋጥኑት እንዲህ ነው።

ለሰው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘዋለሁ። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ከዚያው አገር የሚላከውን ሐዋላ በመስኮቴ እከፍላለሁ። ገንዘቡ ማኮብኮቢያም ነዳጅም አይሻም፤ በደቂቃዎች ይደርሳል። ብሩን ቆጥረው በመቀነታቸው ከቋጠሩ በኋላ ጥቂት ቆም የሚሉ እናቶች አሉ። "ልጄ፣ እሱስ መቼ ይመጣል?" ይሉኛል፤ ላኪውን የማውቀው ይመስል። "እግዜር ያውቃል፣ እማማ" ከማለት በቀር መልስ የለኝም። ኅሩይና ጓደኞቻቸው በባሕር ሄደው ተመልሰዋል። የዛሬው ልጅ ከነዕረፍቱ በ17 ሰዓት ሄዶ፣ በ13 ሰዓት የሚያልቀውን መንገድ ለመመለስ 20 ዓመት ይፈጅበታል። የሥራ ፈቃዱ፣ ዕዳው፣ እዚያ የተወለዱት ልጆች፣ ባዶ እጅ የመግባት ኀፍረቱም በኪሎ ሜትር አይለኩም።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ ለአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ የተመረጠው ቦታ ከቦሌ በመቶዎች ሜትር ዝቅ ያለ ነው። ያኔ ከባድ አውሮፕላን ነዳጁን በሙላት ይዞ መነሣት ይቀለዋል፤ የመሄጃው መንገድም ያጥር ይሆናል። በመስኮቴ የምሰማው ጥያቄ ግን ስለ መሄጃው አይደለም።