ቀዳ፣ ቅጂ፣ ምንጭ

በጎጃም፣ በደምበጫ ገጠር ሴቲቱ እንስራዋን አዝላ ወርዳ ከምንጭ ትቀዳለች፤ እቤቷም ለእንግዳ ጠላ ትቀዳለች። ካሴት ያባዛ የነበረውም ሰው ይቀዳ ነበር። «ቅጂ» የተወለደው ከዚሁ ግስ ነው፤ ደ ወደ ጀ ለስልሳ። ቃሉን የምወደው ምንጭ ስለተቀዳ ብቻ ስለማይደርቅ ነው፤ ባለቤት ግን ሊኖረው ይችላል።

አንድ የደምበጫ ልጅ በ1965 ዓ.ም. በ8 ሚሊ ሜትር ካሜራ የገበያውን ቀን ቀርጾ ነበር እንበል። ጥቅልሉን ዛሬ የገዛ ሰው ዕቃውን እንጂ የቅጂ መብቱን አልገዛም። መብቱ፣ ዘመኑ ካላለፈ፣ የቀራጩ ወይም የወራሾቹ ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተንቀሳቃሽ ምስል የሚሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ሲሆን የሚቆጠረውም ከተሠራበት ወይም ለሕዝብ ከቀረበበት፣ ከሁለቱ ከዘገየው ቀን ነው። ስለዚህ ሳጥን ውስጥ ከርሞ በ2010 ዓ.ም. ለሕዝብ የታየ ፊልም «አሮጌ ነው» ስለተባለ ብቻ እንደ ልብ አይቀዳም።

ለጠቃሽ ግን በር አለ። ለሕዝብ ከወጣ ሥራ፣ ለዓላማው የሚበቃውን ያህል፣ በቅን አሠራር መውሰድ ይቻላል፤ የሠሪው ስምና ምንጩ ይነገር እንጂ። ይህ የመጨረሻው ነገር ያንገበግበኛል። በየመድረኩ የምናየው የድሮ ጎጃም ምስል የት፣ መቼ፣ በማን እጅ እንደተቀረጸ የሚነግረን ስንቱ ነው? ለምሳሌ በ1933 ዓ.ም. የካቲት ቡሬና ደምበጫ ከጣሊያን እጅ ወጥተዋል። የዚያን ወር ምስል የሚያሳየን ሰው ከየት እንደቀዳው ካልነገረን ያየነው ቡሬ ይሁን ሌላ አገር በምን እናውቃለን?